ፈረስ ስለ ዛሬ ምን ያስተምረናል?

(በጣራ ገዳም ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቼ ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እናቶቼና ወንድሞቼ፤

ስለ ልማት ሊናገር የቆመ ሰው በፈረስ መጀመሩ እንግዳ አይሁንባችሁ። በፋርጣና በጉና ደጋ ፈረስ የቤተ ሰብ አካል ነው። እህል ወደ ወፍጮ፣ ሕመምተኛን ወደ መኪና መንገድ፣ ሙሽራን ወደ ቤቷ ያደርሳል። ጥር 25 ቀን በደብረ ታቦር የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ሲከበር ደግሞ የጉግሱ ሜዳ በፈረሶች ይደምቃል።

በዚያ ሜዳ ከፈረሰኛው ይልቅ ፈረሱን አስተውሉት። አንዱ ጆሮ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ያደምጣል። ዛቡ ሲላላና ሲጠብቅ ወዲያው ይሰማዋል፤ የጌታውን ፍርሃትም ከአቀማመጡ ይለያል። ፈረስ ከአውሬ የሚድነው በመሸሽ ስለሆነ ፈጣሪ ለአሁኗ ቅጽበት ንቁ አድርጎ ሠርቶታል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ በመሆናቸው ዙሪያውን ለማየት ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ሆዱም ለአካሉ ትንሽ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ይግጣል እንጂ የሳምንቱን በአንድ ቀን ሊበላ አይችልም። ይህ በምድረ በዳ በየዕለቱ ይለቀም የነበረውን መና ያስታውሰናል፤ ለነገ ተብሎ የተከማቸው ተበላሽቶ ነበርና።

ነገር ግን ፈረስን በሁሉ አንምሰለው። መዝሙረ ዳዊት በምዕራፍ 31 ማስተዋል እንደሌላቸው እንደ ፈረስና እንደ በቅሎ እንዳንሆን ያስጠነቅቀናል። ዮሴፍ በግብፅ ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት እህል ማከማቸቱ ጥበብ እንጂ አለማመን አልነበረም። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የከለከለው ጭንቀትን እንጂ ማቀድን አይደለም። ዕቅድ የዛሬውን ሥራ ያሳምራል፤ ጭንቀት ግን የዛሬውን ሰው ከፊታችን ይሰውርብናል።

ፈተናችንም ይኸው ነው። በየጉባኤያችን ስለ መጪው ሕንጻ፣ ስለ መጪው ዓመት በጀት ረጅም ሰዓት እንመክራለን፤ መምከራችንም ተገቢ ነው። ሆኖም በዚያው ሰዓት ከአጥቢያው አጥር ሥር የታመመች መበለት ጠያቂ አጥታ ልትውል ትችላለች። ሕንጻው ዓመት ቢዘገይ ይጠብቀናል፤ እርሷ ግን ላትጠብቀን ትችላለች።

ፈረሱም ራሱ ከፊታችን ቆሞ የማናየው ጊዜ አለ። ከኪዳን ጀምሮ ቅዳሴ እስኪፈጸም ከቅጥሩ ውጭ በፀሐይ ታስሮ፣ ሳይጠጣ የሚውል አለ። ጀርባው ገጣባ ሆኖ በቁስሉ ላይ ኮርቻ የሚጫንበት አለ። ቁስል ለነገ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዛሬ ካልታጠበ ነገ ይሰፋል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 12 ለእንስሳ መራራትን የጻድቅ ሰው ምልክት አድርጎታልና ይህ ከመንፈሳዊ አገልግሎታችን ውጭ አይደለም።

ስለዚህ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ሦስት ነገሮችን እንድትፈጽሙ በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ስብሰባ ከጸሎት በኋላ «ዛሬ ከመካከላችን ማን ታመመ? ማን ተቸገረ?» በሚል ጥያቄ ይከፈት፤ የሚጎበኝም ሰው ጉባኤው ሳይበተን ይመደብ። ሁለተኛ፣ ከቅጥሩ አጠገብ ለእንስሳት የሚሆን ጥላና የውኃ ገንዳ ይዘጋጅ፤ ድንጋይና ጉልበት ከአጥቢያው አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ካህናት አባቶቻችን ምእመናን ከመጫናቸው በፊት የእንስሳውን ጀርባ በእጃቸው እንዲዳስሱ፣ የቆሰለውንም እስኪድን እንዲያሳርፉ ያስተምሩልን።

አበው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። ዕቅድም እንዲሁ ያደርሰናል፤ የዛሬውን በጎ ሥራ ግን በእኛ ፈንታ አይሠራልንም።

ቸሩ አምላካችን በተሰጠን ዕለት ነቅተን የምናገለግል ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።