ከሕመም በኋላ ወደ ፔዳል

እሷ፦ አንድ የባሕር ዳር ሰው የሳንባ ምች ጥሎት ለወራት ከብስክሌት ርቋል እንበል። አሁን ሐኪሙ ፈቅዶለታል። ከየት ይጀምር?

እሱ፦ ከሜዳው! ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ በጣና ዳር ይንዳ። የቤዛዊት ዳገት ይቆየው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የተጎዳ ሳንባ ደግሞ የአየሩን መሳሳት ቶሎ ያውቃል።

እሷ፦ ልኩን በምን ይወቅ?

እሱ፦ በወሬ፣ እህቴ። እየነዳ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው በዝቶበታል፤ ማርሹን ያቅልል።

እሷ፦ ብስክሌቱም እኮ ቆሞ ከርሟል። ጎማው ተንፍሷል፣ ካቴናው ዝጓል። መጀመሪያ ሠሪ ጋ ይውሰደው፤ በተለይ ፍሬኑን ያሳይ።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። ደረቱን ከወጋው ወይም ካዞረው ወዲያው ይውረድና ሐኪም ይየው። አድማጮቻችን፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት ካላችሁ የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁት ንዱ።