ሳይቃጠል በቅጠል፦ ረቂቅ ሕግን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለማመሳከር

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ በወላይታ ሶዶ የቀረበ ንግግር)

 

አዘጋጆቹ አሥር ደቂቃ ሲሰጡኝ፣ ከኋላ «የሕግ ሰው አሥር ደቂቃ ግማሽ ቀን ነው» ያለ አለ። ሰምቻለሁ፤ አሳጥራለሁ።

ከዚሁ ከከተማችን ልነሳ። በ1992 ዓ.ም. ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ልጆች ነበርን። ወላይታ ያኔ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበረች። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ስም ተቀጣጥሎ «ወጋጎዳ» የተባለ የተደባለቀ ቋንቋ ተዘጋጀና መጽሐፉ ወደ ክፍል ገባ። ሕዝቡ ቋንቋዬ አይደለም አለ። ኅዳር ላይ ሶዶ በተቃውሞ ተናጠች፤ ሕይወት ጠፋ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ቀረ፤ በቀጣዩ ዓመትም ወላይታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሕገ መንግሥቱ ያኔ ከጸደቀ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 2 እያንዳንዱ ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት አለው ይላል። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት አንድ ሰው ይህን አንቀጽ ገልጦ «ይህ ነገር እንዴት ይታያል?» ብሎ ቢጠይቅና ሰሚ ቢያገኝ ኖሮስ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ የሞተም አይመለስም።

በአገራችን አሠራር ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የሚል ክርክር ሲነሳ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይመረምራል፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ረቂቅ ሁሉ ከመጽደቁ በፊት በዚህ በኩል ይለፍ የሚል ግዴታ ግን የለም። ስለዚህ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። በ1992ቱ ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የአካባቢውን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ከዕጩነት የተሰረዙ ነበሩ። የክልሉን ምክር ቤት የሥራ ቋንቋ ማወቅ ይበቃል የሚለው ውሳኔ የመጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ምርጫው እኮ አልፏል!

አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚቻል ደግሞ አይተናል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ምርጫው አልካሄድ ሲል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የትርጉም ጥያቄ አቀረበ፤ አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን በተላለፈ መድረክ ሰማ። ውጤቱ አከራክሯል። ክርክሩን አገር ሁሉ መስማቱ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ፈረንሳዮች ሕጉ በፓርላማ ካለፈ በኋላ፣ ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርም በፊት የሚመረምር ምክር ቤት አላቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1974 ጀምሮ 60 የምክር ቤት አባላት ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። ያም ብቻውን አልበቃቸውም፤ ሕግ ጉዳቱ በሥራ ላይ ሲውል ነው የሚታየውና፣ ከ2010 ጀምሮ ተከራካሪ ዜጋም በፍርድ ቤት በኩል እንዲጠይቅ ፈቀዱ። ቅድመ ምርመራ የኋለኛውን አይተካም። «አስቀድሞ ታይቷል» ተብሎ የዜጋ አፍ መዝጊያ ከሆነም ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? ዛሬ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። አዲስ ክልል ማለት ብዙ አዋጅ፣ ብዙ ደንብ፣ ብዙ መመሪያ ማለት ነው። ያንን የሚያረቅቀው፣ የሚተይበው፣ በቋሚ ኮሚቴ የሚያየው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ነው። አንቀጽ 9 ሕገ መንግሥቱን የማስከበር ኃላፊነትን ለዳኛ ብቻ አልሰጠም፤ በዜጋውም በመንግሥት አካላትም ሁሉ ላይ ጥሏል።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ረቂቅ ጋር አንድ ገጽ ይያያዝ፦ የትኛውን አንቀጽ ይነካል? የማንን መብት ያጠብባል? የሚነካው ሕዝብ ተጠይቋል ወይ? ጥርጣሬ ያለውም ጥርጣሬውን በጽሑፍ ያስፍር፤ በኮሪደር የተነገረ ሐሳብ መዝገብ ላይ አይገኝም።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። በ1992 ቅጠሉን የያዘ ሰው አጣን። የሚቀጥለው ረቂቅ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ እናንተ ያዙት።

 ምሳ ቀርቧል።