ያልተጎተተው ገመድ

ዛሬ ስለ አንዲት ሯጭ እንነግራችኋለን። ስሟ ቴሬዚኛ ጊልየርሚና ይባላል። በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በብራዚል አገር ተወለደች። ዓይነ ስውር ናት።

«ታዲያ እንዴት ትሮጣለች?» ትሉ ይሆናል። የሚያይ መሪ ከጎኗ ይሮጣል። የሁለቱ እጅ በአጭር ገመድ ይያያዛል። መሪው እንዲጎትታት አይፈቀድለትም። ቀድሟት መጨረሻውን መስመር ማለፍም ክልክል ነው። መንገዱን ያሳያታል እንጂ አይሮጥላትም።

በ2012 የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ ማለት ፓራሊምፒክ፣ ለንደን ላይ ተደረገ። በ400 ሜትር ሩጫ መሪዋ ጊልየርሜ ሳንታና ወደቀ። እሷም ጥላው አልሄደችም። ሩጫዋን አቁማ አብራው መሬት ላይ ተዘረጋች። የዚያ ሩጫ ሜዳልያ ቀረ።

መሪዋን ግን አልለወጠችም። በዚያው ሰሞን ከእሱው ጋር ለ100 ሜትር ተሰለፈች። በ12 ሰከንድ ያህል ጨረሰች። ወርቅ አገኘች፤ የዓለም ክብረ ወሰንም ሰበረች።

ውድ አድማጮች፣ በሰፈራችሁ ዓይኑ የማያይ ልጅ አለ? እቤት አታስቀምጡት። እጁን ይዛችሁ ወደ ሜዳ አውጡት። ግን አትጎትቱት፤ ራሱ ይሩጥ።

ደህና ሁኑ!