ጨቅላው ሲታመም ወዴት እንሂድ?

እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ከተወለደ ገና 28 ቀን ስላልሞላው ሕፃን ነው። ሐኪሞች ጨቅላ ይሉታል። ትልቅ ሰው ሲታመም ያቃስታል፤ ጨቅላ ግን ዝም ይላል፣ ጡት ይተዋል። ቤተ ሰቡም «ተመስገን፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ተኛልን» ይላል። እኛን የሚያስፈራን ይህ ዝምታ ነው።

ጡት አልጠባም ያለ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ገላው የሚያተኩስ ወይም የቀዘቀዘ፣ ሲነኩት የማይንቀሳቀስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ የሆነ፣ እትብቱ መግል የያዘ ጨቅላ ታሟል። ትንፋሹም ሲቆጠር በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ታሟል። አንዱ ምልክት ብቻ ይበቃል። ሌሊትም ቢሆን ጉዞ ነው።

በየመንደሩ ስንዞር ግን ምን እንሰማለን? «አርባው ሳይወጣ እንዴት ከደጅ ይወጣል? ምች ይመታዋል፤ ዓይን ያገኘዋል።» ሴት ከሆነች ደግሞ እስከ ሰማንያ ቀን! ክርስትናው በቀኑ ይደርሳል። በሽታው ግን ቀን አይጠብቅም፤ ጨቅላን በሰዓታት ውስጥ ይጥለዋል። እንጥል ማስቆረጥና ቅቤ ማላስም ጉዳት እንጂ ፈውስ የለባቸውም።

ታዲያ ወዴት እንሂድ? የሕፃናት ስፔሻሊስት ሐኪም በየቀበሌው የለም። የሚገኘው እንደ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ደሴ ባሉ ከተሞች ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በአዲስ አበባም እንደ ጥቁር አንበሳ ባለው ነው። ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ግን ከደጃችን ይጀምራል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በገጠር ቀበሌዎች ጤና ኬላ እየተሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። እሷ ትንፋሹን ትቆጥራለች፣ ሙቀቱን ትለካለች፣ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ወደ ሆስፒታል ይጽፋል። ጤና ጣቢያው ለእናንተ የሚቀርብ ከሆነ በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ፤ ኬላው ተዘግቶ ብታገኙም ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ።

ይህ ሁሉ እናቲቱ ሳትወልድ መታወቅ አለበት። የጤና ሠራተኛዋ ስልክ፣ የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። አምቡላንስ የማይገባበት ቦታ ቃሬዛ የሚሸከሙት እነማን እንደሆኑ ዕድሩ አስቀድሞ ይነጋገር። አራስ በእግሯ አቀበት አትወጣም።

በመንገድ ላይ ጨቅላው ልብሱን አውልቆ፣ ኮፍያና ካልሲ አድርጎ፣ በእናቱ ጡቶች መካከል ገላ ለገላ ይለጠፍ። ከላይ በጋቢ ይሸፈን፤ አፍንጫው ግን ክፍት ይሁን። መጥባት ከቻለ እየጠባ ይሂድ።

የተሰጣችሁን የሪፈር ወረቀት አትጣሉ። የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። ሆስፒታል ስትደርሱም በሮቹን አንብቡ። የምትፈልጉት «የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና ክፍል» የሚለውን ነው።