ድንገት ስለሚጠፋ ኮምፒውተር

አዘጋጆቹ «ከሥራህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ የምትደውሉልኝን ጉዳይ መረጥኩ፤ «ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር እየሠራሁበት ድርግም ይልብኛል፣ ምን ልግዛ?» የሚለውን።

መልሴ ያው ነው፤ ገና ምንም አትግዙ።

ቤት የሚገጣጠም ኮምፒውተር ዕቃው ከየቦታው ነው የሚለቃቀመው። ራሙን ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ያመጣዋል፣ ፓወር ሰፕላዩ ከመርካቶ ይገዛል፣ ግራፊክስ ካርዱ ያገለገለ ይሆናል። እያንዳንዱ ለብቻው ደህና ሊሆን ይችላል፤ አብረው መስማማታቸውን ግን የሞከረላችሁ የለም። ሞካሪዎቹ እናንተ ናችሁ። በአንድ ቀን ሦስት ዕቃ የቀየረ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ቢድንለት እንኳ በምን እንደዳነ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ በደብተር ጻፉት፣ ጥቂት ቀን ሠርታችሁበት እዩ።

መጀመሪያ አጠፋፉን ተመልከቱ። ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ፎቶ አንሱት። የስህተቱ ስም በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ራሙን ነው። ምንም ሳይጽፍ እንደ አምፖል ጥፍት ካለ፣ በተለይም ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ሲበዛበት፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ዞር በሉ። ዊንዶውስ ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል-ፓወር 41» የሚል ታዩና «አገኘሁት፣ ፓወሩ ነው!» ትሉኛላችሁ። አይደለም። እሱ የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ተነሣ ብቻ ነው፤ ይህንንማ እናንተም አይታችኋል።

መብራቱንም አትርሱ። ስታቢላይዘር ባትሪ የለውም፤ መብራቱ ለአንድ አፍታ እልም ብሎ ሲመለስ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው። ሙቀትም አለ፣ ግን ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሲግል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራውን ጥረጉለትና እለፉ።

ወደ ራሙ ልመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ካርቶኑ ላይ 3600 የተጻፈበት ዲዲአር4 ራም፣ ያ ፍጥነት ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ሲበራ የሚገኝ ነው። ከመደበኛው በላይ ማሮጥ ነውና ሁሉም ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር አይችለውም፤ አራቱም ቦታ ሲሞላ ደግሞ ይብሳል። ኤክስኤምፒውን አጥፉና ሞክሩ። ገንዘብ አያስወጣም። ከዚያ ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነሥታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ «አንድ ብቻ ነው» አይባልም። ራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ፈትኑ።

ለምን ይህን ያህል አጠብቃለሁ? መጥፋቱ እኮ የሚታየው ጉዳት ነው። የተበላሸ ራም ኮምፒውተሩን ሳያጠፋም ቁጥር ሊቀይር፣ የተቀየረውንም ፋይል ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። የቤት ኮምፒውተር ራም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሰርቨሩ ስህተት አያርምም። መምህራን ልብ በሉልኝ፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመመረቂያ ዳታውን የሚያሰላው እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ነው። «አልፎ አልፎ ይጠፋል እንጂ ደህና ነው» ካላችሁ፣ ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ማሽኑን አስፈትሹት። መጠባበቂያ ቅጂውም ከብልሽቱ በፊት የተቀዳ መሆኑን አረጋግጡ።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ከገጣጣሚው አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢንቴል አንዳንድ የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ እንደሚጎዱ አምኖ የባዮስ ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ግን የተጎዳውን አይመልስም። ያ ፕሮሰሰር ያላችሁ ባዮሳችሁን ዛሬ ማታ እዩ።

ሜምቴስቱ ያለበት ፍላሽ ሦስት ይዣለሁ። ከምሳ በኋላ በር ላይ አለሁ፣ የፈለገ ይቅዳ። አሁን ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።