አዲሱ የባትሪ ድንጋይና የቀድሞው ልማድ

(በጅቡቲ ከተማ ለሚኖሩና ወደ ወደቡ ለሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ፣ ስለ እጅ ባትሪ ነው። በጋላፊ በኩል ወደዚህ ወደብ የሚመላለሰው ሾፌር ከረዳቱ ጋር በሌሊት ጎማ የሚፈትሸው፣ በከተማውም ውስጥ መብራት በጠፋ ጊዜ እናት ለታመመ ልጇ መድኃኒት የምትሰጠው በዚሁ ዕቃ ብርሃን ነው። ስለዚህ የመጣሁት አትግዙ ለማለት ሳይሆን አያያዙን እንወቅ ለማለት ነው።

የቀድሞው የእጅ ባትሪ በደረቅ ድንጋይ ይሠራ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነበረው። ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን ወይም በጥርስ ነክሰን ጥቂት ብርሃን እንጨምርበት ነበር። ይህ የቁጠባ ልማድ የሚነቀፍ አልነበረም።

ዛሬ በርካሽ በሚሸጠው የኤልኢዲ ባትሪ ውስጥ ያለው ግን፣ ስሙን ድንጋይ ብንለውም፣ ጠባዩ ሌላ ነው። ሊቲየም አዮን ይባላል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው ዓይነት ነው። በብዛት የሚገኘው 18650 የሚባለው ሲሆን፣ ቁጥሩ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው፤ አዎንታዊውንና አሉታዊውን ወገን የሚለያቸውም አንድ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ሽፋኑ ቢቀደድ ወይም በሙቀት ቢበላሽ ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ፤ ሙቀቱም ራሱን በራሱ እያባባሰ እሳት ያስነሣል።

እንግዲህ ይህን ድንጋይ መንከስ ሽፋኑን መቅደድ ነው፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም እሳትን መጥራት ነው። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ መሞላት አይገባውም። በጅቡቲ ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ በጥላ ሥር እንኳ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ የተዘጋ የመኪና ጋቢና ከዚያም እጅግ ይብሳል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ምክሮች እንድትቀበሉኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስትገዙ ጽሑፉን መርምሩ። በ18650 ድንጋይ ላይ 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት ነው፤ የታወቁት ጥሩዎቹ እንኳ የሚይዙት 3,500 ገደማ ነው። በዚህ የዋሸ ሻጭ በሌላውም አይታመንም።

ሁለተኛ፣ በራሱ ቻርጀር ብቻ ሙሉት። ሶኬቱ ስለ ገጠመ ብቻ የሌላ ዕቃ ቻርጀር አትሰኩበት። ከከባድ መኪና 24 ቮልት ባትሪ በሽቦ በቀጥታ ማገናኘትም ፈጽሞ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል ብላችሁ ሰክታችሁ አትተኙ። በአንድ ክፍል ብዙ ሰው በሚያድርበት ቤት ይህ የሁሉንም ሕይወት ይነካል። ከምሽት እስከ መኝታ ባለው ጊዜ ወይም ማለዳ ነቅታችሁ ሳላችሁ፣ ከፍራሽና ከልብስ አርቃችሁ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሙሉት። መውጫ በሩ አጠገብ ግን አይሁን። ሲሞላም ንቀሉት።

አራተኛ፣ ያበጠውን፣ የተጨፈለቀውንና ልባሱ የተቀደደውን ከቶ አትሙሉ። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ከልጆች አርቁት፤ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ቦታ አትጣሉት።

አምስተኛ፣ ጭስ ቢታይ አስቀድማችሁ ሰዎችን አስወጡ፤ ጭሱ መርዛም ነውና አትተንፍሱት። ኤሌክትሪኩ ያለ አደጋ መቋረጥ ከቻለ ቆርጣችሁ፣ ከርቀት ብዙ ውኃ አፍስሱበት። እሳቱ ከበረታ ግን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ተዉት።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ይህን የሰማችሁ ላልሰማው ባልንጀራችሁ፣ በተለይም አዲስ ለመጣው ረዳትና ለቤት ሠራተኛዪቱ፣ እንድታስረዱልኝ አደራ እላለሁ።