ገንዘብ በሰማይ መንገድ

(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ብለው ተርተዋል። ይህን ሲሉ ገንዘብ ያለው ሰው የማይደፈረውን ይደፍራል ለማለት ነበር እንጂ፣ ገንዘቡ ራሱ በሰማይ ይሄዳል ለማለት አልነበረም። በዘመናችን ግን ተረቱ ቃል በቃል ተፈጸመ። ከተማ ገብቶ የሚሠራ ልጅ በገጠር ላለች እናቱ የሚልከው ገንዘብ፣ በዓይን በማይታይ ሞገድ ተሳፍሮ፣ አንድ ሲኒ ቡና ተቀድቶ እስኪጠጣ እንኳ ሳይቈይ ይደርሳል።

ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት የመረጃ ቴክኖሎጂ የንግድን ስልትና የፈጠራን ሥራ እንዴት እንደሚለውጥ ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። በሰፊ ርእስ ላይ ብዙ ቃል ተናግሮ ጥቂት ቁም ነገር መተው ቀላል ስለ ሆነ፣ ዓለምን ከመዞር ይልቅ ከጎረቤታችን ከኬንያ አንድ ታሪክ ወስጄ እርሱን መመርመር መረጥሁ። የውጭውን አገር ታሪክ ዓመት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የራሳችንን በራሳችን አቈጣጠር እናገራለሁ።

በ2005 ሳፋሪኮም የተባለው የኬንያ የስልክ ኩባንያና ቮዳፎን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ ከብሪታንያ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት በተገኘ ገንዘብ ጭምር እየተረዱ አንድ ሙከራ ጀመሩ። ዐሳቡ ስለ አነስተኛ ብድር ነበር። ፋውሉ ከተባለ አበዳሪ ድርጅት የተበደሩ ጥቂት መቶ ሰዎች፣ በናይሮቢና በቲካ፣ ብድራቸውን በእጅ ስልክ እንዲቀበሉና በእጅ ስልክ እንዲከፍሉ ተደረገ። ሥራውም ኤም-ፔሳ ተባለ። «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው፤ «ኤም» ደግሞ ተንቀሳቃሽ ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው ወኪል ወደ ሆነ ሱቅ ሄዶ ጥሬ ገንዘቡን ያስረክባል፤ ባለሱቁም የዚያኑ ያህል ከራሱ የስልክ ሒሳብ ወደ ደንበኛው የስልክ ሒሳብ ያዛውርለታል። ደንበኛው ምሥጢራዊ ቍጥሩን ጽፎ ወደ ወደደው ሰው ይልካል፤ ተቀባዩም በአቅራቢያው ካለው ወኪል በጥሬው ይወስዳል። የደንበኞቹ ገንዘብ በባንክ በአደራ ሒሳብ ይቀመጣል እንጂ ኩባንያው እንደ ራሱ ገንዘብ አያዝበትም። ለዚህ ሁሉ ውድ ስልክ አላስፈለገም፤ ጥሪና አጭር መልእክት የሚያስተላልፍ ተራ ስልክ ይበቃ ነበር።

ሙከራው ሲካሄድ ግን ያልታሰበ ነገር ታየ። ተበዳሪዎቹ ስልኩን ብድር ከመክፈል ሌላ ለብዙ ጕዳይ ያውሉት ጀመር። አንዱ ነጋዴ ለሌላው ነጋዴ የዕቃ ዋጋ ከፈለበት። ባንክ ከተዘጋ በኋላ ሥራውን የሚጨርስ ሰው፣ የቀኑን ገቢ ይዞ በጨለማ ከመሄድ ይልቅ ለወኪሉ አስረክቦ በስልኩ ሒሳብ አሳደረው። መንገደኛው ሲነሣ አስገብቶ ሲደርስ አወጣው፤ ቀማኛ ቢያገኘው ኪሱ ባዶ ነውና። ሌሎቹም በሩቅ ላሉ ዘመዶቻቸው ላኩበት። በሌላ ወገን አበዳሪው ድርጅት ተቸገረ፤ የስልኩን ሒሳብ ከራሱ መዝገብ ጋራ ማስታረቅ አድካሚ ሆነበት፤ ተበዳሪዎቹ እየተሰበሰቡ እርስ በርሳቸው የሚተማመኑበት ልማድም እንዳይላላ አሠጋው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንድንቆም እለምናችኋለሁ። የሥራው ኀላፊዎች ሁለት ነገር ማለት ይችሉ ነበር። አንደኛው፣ «ሕዝቡ መመሪያውን አልተከተለም፤ እንደ ገና ይማር» ማለት ነው። ሁለተኛው፣ «ሕዝቡ እኛ ያላየነውን አየ፤ እኛ እንማር» ማለት ነው። እነርሱ ሁለተኛውን መረጡ። የብድሩን ዐሳብ ወደ ጎን አድርገው፣ በመጋቢት ወር 2007 ኤም-ፔሳን ለመላው ኬንያ ሲከፍቱ የያዙት ቃል «ገንዘብ ወደ አገር ቤት ላክ» የሚል ነበር።

ይህ ቃል የኬንያን ኑሮ ከሥሩ የነካ ነበር። አባት በናይሮቢ ይሠራል፤ ሚስትና ልጆች በገጠር ይኖራሉ። ገንዘቡ ቀድሞ የሚሄደው በአውቶቡስ ሾፌር እጅ፣ በዘመድ አደራ፣ ወይም በፖስታ ቤት ነበር፤ ይዘገያል፣ አንዳንድ ጊዜም ይጠፋል። ይህን ችግር እኛም በሚገባ እናውቀዋለን። «አደራ ለእናቴ አድርስልኝ» ብሎ የላከው ገንዘብ መድረሱን ሳያውቅ ብዙ ሌሊት ያደረ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ኬንያዊ ተመዘገበ፤ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቍጥሩ ከ7 ሚሊዮን አለፈ።

ከዚህ በኋላ የንግዱ ዓለም እንዴት እንደ ተናወጠ ተመልከቱ። ባንኮቹ «የባንክ ሥራ የሚሠራ ባንክ ያልሆነ ድርጅት ተነሣ» ብለው አቤት አሉ። በ2008 መጨረሻ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሥራው እንዲመረመር አዘዙ፤ በሚከተለው ዓመት መጀመሪያም ሥራው አስተማማኝ መሆኑ ተገለጸ። ባንኮቹም ከመክሰስ ይልቅ ስልታቸውን መለወጥ እንዳለባቸው ተረዱ። በ2010 የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ደንብ ሲያወጣ፣ ባንኮቹም በየመንደሩ ባለሱቆችን ወኪል እያደረጉ ወደ ሕዝቡ ወረዱ። በ2012 ደግሞ አንድ ባንክ ከሳፋሪኮም ጋራ ተባብሮ ኤም-ሽዋሪ የተባለ የቍጠባና የብድር አገልግሎት ከፈተ። በዚህም ሰው ያለ ቤት ካርታና ያለ ዋስ ለመበደር ቻለ፤ ዋስ የሆነው በስልኩ የመጠቀሙ ታሪክ ነበር። ሳፋሪኮምም ራሱ ተለወጠ፤ በ2022 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ከኤም-ፔሳ ያገኘው ገቢ ከድምፅ ጥሪ ገቢው በልጦ ነበር። ድምፅ ሊሸጥ የተቋቋመ ኩባንያ ከድምፅ ይልቅ በገንዘብ ዝውውር የሚኖር ሆነ።

አንዱ ፈጠራም ሌላውን ወለደ። ኤም-ፔሳን ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆነው ኒክ ሂዩዝ ከጓደኞቹ ጋራ ኤም-ኮፓ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ መብራት ለሌለው ገበሬ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያገኝ መሣሪያ በዱቤ ይሰጣል፤ ገበሬውም በየቀኑ ለላምባ ያወጣው የነበረውን ያህል ጥቂት ጥቂት በስልክ ይከፍላል። ሳይከፍል ሲቀር መሣሪያው ከሩቅ ይዘጋል፤ ሲከፍል ይከፈታል። ጥቂት ሳንቲም ለመቀበል ሠራተኛ በየመንደሩ ማሰማራት ግድ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ንግድ በመጀመሪያው ወር በከሰረ ነበር።

ጥቅሙ ለነጋዴ ብቻ አልነበረም። በ2016 ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት፣ ኤም-ፔሳ 194,000 ያህል የኬንያ ቤተ ሰቦችን፣ ይኸውም ከመቶው ሁለት እጅ ገደማ፣ ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል። ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙት በሴት የሚተዳደሩ ቤቶች መሆናቸውንም ጨምረው ጽፈዋል።

እንግዲህ «መሣሪያው ተአምር ሠራ» ብለን እንዳንደመድም፣ የደቡብ አፍሪካን ታሪክ ደግሞ ስሙ። ይኸው ኤም-ፔሳ በ2010 በዚያ አገር ተከፈተ፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ደንበኛም ተስፋ ተደረገ። ነገር ግን በ2016 ተዘጋ። ስሙ አንድ፣ ዐሳቡ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን አልጸናም? በደቡብ አፍሪካ ብዙው ሰው አስቀድሞ የባንክ ደብተርና ካርድ ነበረው፤ ገንዘብ ወደ ገጠር የሚላክባቸው ሌሎች መንገዶችም ነበሩ። በኬንያ ለጥያቄ መልስ ሆኖ የመጣው ነገር በደቡብ አፍሪካ ሲደርስ ጥያቄውን አላገኘውም። ስለዚህ ስልትን የሚወልደው መሣሪያው አይደለም፤ ሕዝቡ በመሣሪያው ምን እንደሚያደርግ ተመልክቶ ዕቅዱን ለመለወጥ የሚደፍር ሰው ነው። በዛሬው ንግግሬ ልታስታውሱልኝ የምወደው አንድ ነገር ይህ ነው።

በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የክፍያ ሥራ እንዲሠሩ የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ከፈተ፤ አራት ዓመት ሳይሞላም የተመዘገበው ደንበኛ ከ50 ሚሊዮን በለጠ። ኤም-ፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ወደ እኛ ገባ። መሣሪያው እንግዲህ በእጃችን ነው። የቀረው ጥያቄ፣ በዚህ መሣሪያ ማን ምን ይፈጥራል የሚል ነው፤ ይህም ጥያቄ ከነጋዴው ቤት ወጥቶ ወደ እኛ ቤት፣ ወደ ትምህርት ቤት ይገባል።

መሣሪያ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደርስ እኛ መምህራን ከማንም በላይ እናውቃለን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ሥዕሉ የተዋበ፣ ትምህርቱም የተዘጋጀ ነበር። ነገር ግን በመስኮቱ ውስጥ የሚናገረው መምህር በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠውን ተማሪ አያይም። ልጁ ባይገባው አይቆምም፤ እጁን ቢያወጣ አይጠራውም፤ መብራት ቢጠፋም ወደ ኋላ ተመልሶ አይጠብቀውም። የኬንያው ኩባንያ ያደረገውን፣ ይኸውም ተጠቃሚውን አይቶ መንገድን መለወጥን፣ ያ መስኮት ሊያደርገው አይችልም ነበር።

የሌላውን ጕድለት ስናገር የራሴን ልሰውር አልሻም። ወጣት መምህር ሳለሁ የወለድ ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ የነጋዴ ልጅ የሰጠሁትን ጥያቄ እኔ ባሳየሁት ሥርዐት ሳይሆን አባቱ በገበያ በሚያሰላበት መንገድ ሠርቶ አመጣ። መልሱ ትክክል ነበር። እኔ ግን «እንዳስተማርሁህ አልሠራህም» ብዬ በቀይ ቀለም ሰረዝሁበት። ልጁ አልተከራከረኝም፤ ደብተሩን አጥፎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ በሌላ መንገድ ሠርቶ አላመጣልኝም። እኔም በጊዜው ሥርዐት ያስተማርሁት መስሎኝ ደስ አለኝ። የኤም-ፔሳን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ያ ቀይ ሰረዝ ትዝ አለኝ። የሥራው ኀላፊዎች እንደ እኔ ቢሆኑ ኖሮ፣ ገንዘቡን በስልክ ባሳደረው ነጋዴ ላይ ቀይ ሰረዝ አስምረው ወደ ብድር መዝገባቸው በተመለሱ ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፣ የዚህን ነገር ጕዳትም ሳልናገር ብቀር አደራዬን አልተወጣሁም። በኬንያ በስልክ የሚገኝ ብድር ቀላል ከመሆኑ የተነሣ፣ አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ የሚከፍል ወጣት በዛ። አንዳንድ አበዳሪዎች ወደ ተበዳሪው ዘመዶችና ወዳጆች እየደወሉ እስከ ማሳፈር ደረሱ፤ በ2021 የወጣው ሕግ እነዚህን አበዳሪዎች በማዕከላዊ ባንክ ፈቃድ ሥር እስኪያደርጋቸው ድረስ። በእኛም አገር ምሥጢራዊ ቍጥሩን ለማያውቀው ደዋይ ነግሮ ጥሪቱን ያጣ ሰው እንሰማለን። ከዚህም በላይ፣ የምንገዛውን፣ የምንልክለትን ሰው፣ ገንዘብ የሚያጥረንን ቀን ሁሉ ኩባንያው በመዝገቡ ያውቃል፤ ይህም ዕውቀት ለእርሱ እንደ ወርቅ ያለ ሀብት ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ሳያውቁ ቢያድጉ ገበያውን ያበለጽጋሉ እንጂ በገበያው አይበለጽጉም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሒሳብ መምህር ወለድን ሲያስተምር የስልክ ብድርን በምሳሌነት ያቅርብ፤ ልጁ የአንድ ወር ክፍያ በዓመት ስንት እጅ ወለድ እንደሚሆን ራሱ ያስላ። ሁለተኛ፣ ተማሪው በሠፈሩ ያሉ ባለሱቆችና ገበሬዎች ስልካቸውን ላልታሰበለት ጕዳይ እንዴት እንዳዋሉት ጠይቆ ይጻፍ፤ የፈጠራ ዘር ያለው እዚያ ነውና። ሦስተኛ፣ እናንተ ተቈጣጣሪዎችና ርእሳነ መምህራን፣ ወደ ክፍል ስትገቡ መምህሩ የዕለቱን ዕቅድ መፈጸሙን ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪው ሌላ መንገድ ሲያሳየው ምን እንዳደረገም መዝግቡ።

መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ አስተዋይ ዓይን ግን በአስተማሪ ነው የሚገኘው። ምናልባት የነገውን ትልቅ ሥራ የሚፈጥረው ልጅ ዛሬ በአንዳችን ክፍል በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ፣ እኛ ካሳየነው በተለየ መንገድ እያሰላ ይሆናል። ቀዩን ብዕር ከማንሣታችን በፊት «እንዴት አገኘኸው?» ብለን እንጠይቀው።